የሚመጣውን መኪና መጠበቅ ወይስ ባለው መሥራት? ከታሪክ አንጻር

የሰው ልጅ መሣሪያ መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ ሳይለየው አብሮት ኖሯል። ይኸውም «ዛሬ በገበያ በሚገኘው መሣሪያ ሥራዬን ልጀምር? ወይስ ነገ የሚሻል ይመጣል ተብሏልና እስከዚያው ልቈይ?» የሚለው ነው። በአሁኑ ጊዜ ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ በየዕረፍቱ ሰዓት ይሰማል። የሚነሣው ግን ስለ ማረሻ ወይም ስለ ወፍጮ አይደለም፤ ጌም ስለሚጫወቱበት ኮምፒውተር ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ጌም የሚወዱ ወጣቶች ኮምፒውተሩን ተሠርቶ ያለቀ ከሚገዙ ይልቅ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝተው ራሳቸው መግጠም ይመርጣሉ፤ በዋጋም ይረክስላቸዋል፥ ትምህርትም ያገኙበታል። ከክፍሎቹ መካከል ፕሮሰሰር የሚባለው ሒሳቡን ሁሉ የሚያሰላው ነው። ፕሮሰሰር ከሚሠሩት ኩባንያዎች ስማቸው የገነነው ሁለቱ፥ ኢንቴልና ኤ.ኤም.ዲ.፥ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከቀድሞው የፈጠነ አዲስ «ትውልድ» ያወጣሉ። ከማውጣታቸውም በፊት ብዙ ወራት ቀድመው ያስወሩለታል። እንግዲህ ገንዘቡን በስንት ድካም ያጠራቀመ ተማሪ ዛሬ ቢገዛ ነገ የሚቈጭ እየመሰለው፥ ቢጠብቅ ደግሞ ሌላ አዲስ ወሬ እየመጣበት፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይገዛ ሳይጫወትም ይቀራል።

እኔ ይህን ጥያቄ በዋጋ ዝርዝር ብቻ ከመመልከት ይልቅ በታሪክ መመልከትን መረጥሁ። ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊት የነበረና ከኮምፒውተር መፈልሰፍ ጋር አብሮ የተወለደ ስለ ሆነ፥ የጠበቁትም ሆኑ ያልጠበቁት ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመርከብ መሪዎች፥ መሐንዲሶችና የከዋክብት ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በታተሙ የሒሳብ ሠንጠረዦች ነበር። ሠንጠረዦቹን የሚያሰሉት ሰዎች፥ የሚለቅሙትም የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ስለ ነበሩ ስሕተት አይጠፋባቸውም። በባሕር ላይ አንድ አኃዝ መሳሳት ደግሞ መርከብን ከዓለት ጋር ሊያላትም ይችላል። ቻርልስ ባቤጅ የሚባል የሒሳብ ሊቅ (የተወለደው በ1791 ነው) በ1821 ከወዳጁ ከጆን ኸርሸል ጋር ተቀምጦ ሁለት ጊዜ የተሰላ ሠንጠረዥ ሲያመሳክር በስሕተቱ ብዛት ተማረረና ይህ ሒሳብ በእንፋሎት ኃይል ቢሠራ ብሎ ተመኘ። ምኞቱንም ምኞት ብቻ አድርጎ አልተወውም። በ1822 የትንሽ ማስላያ መኪና ምሳሌ ሠርቶ አሳየ።

መኪናው የተመሠረተበት ዘዴ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊገባው የሚችል ነው። 1፥ 4፥ 9፥ 16፥ 25 የሚሉትን ካሬ ቍጥሮች ውሰዱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3፥ 5፥ 7፥ 9 ነው። የእነዚህ የልዩነቶቹ ልዩነት ደግሞ ሁልጊዜ 2 ነው። ስለዚህ ማባዛት የማይችል፥ መደመር ብቻ የሚችል መኪና 2ን በልዩነቱ ላይ፥ ልዩነቱን በቍጥሩ ላይ እየደመረ የካሬዎችን ሠንጠረዥ እስከ ፈለጉት ድረስ ሊያወጣ ይችላል። 9 ላይ 2 ቢደመር 11፥ 25 ላይ 11 ቢደመር 36 ይሆናል። ባቤጅም ይህን መኪና «ዲፈረንስ ኤንጅን» አለው፤ በእኛ ቋንቋ «የልዩነት መኪና» ማለት ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ጥቅሙን ተመልክቶ በ1823 ለመጀመሪያ ጊዜ 1,500 ፓውንድ ሰጠ። ዮሴፍ ክሌመንት የሚባል የታወቀ ብረት ሠራተኛ ሥራውን ያዘ። መኪናው ሲያልቅ 25,000 ያህል ክፍሎች ይኖሩታል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በ1832 የጠቅላላው አንድ ሰባተኛ የሚሆን ክፍል ተገጥሞ ሠራ፤ ሒሳቡንም ሳይሳሳት አወጣ። ይህን ያዩ እንግዶች በባቤጅ ቤት ተሰብስበው ተደነቁ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ባቤጅና ክሌመንት በክፍያና በሥራ ቦታ ጉዳይ ተጣሉ፤ ሥራውም ቆመ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነው። ሥራው ቆሞ ሳለ፥ በ1834፥ ባቤጅ እጅግ የሚበልጥ ሌላ መኪና አሰበ። ይህ «አናሊቲካል ኤንጅን» የተባለው መኪና መደመር ብቻ ሳይሆን ማባዛትም ማካፈልም የሚችል፥ ትእዛዙን በተበሳ ካርቶን የሚቀበል፥ ቍጥሮችን የሚያስቀምጥበት «ጎተራ» እና የሚያሰላበት «ወፍጮ» የነበረው ነው። ዛሬ ሜሞሪና ፕሮሰሰር የምንላቸውን ያን ጊዜ በጎተራና በወፍጮ መስሎ መጥራቱ ለእኛ ለገበሬ ልጆች ደስ የሚያሰኝ ነው። ባቤጅም አዲሱን አሳብ ለመንግሥት ገለጸ፤ የሚመጣው መኪና የቀድሞውን ሥራ ሁሉ ከቀድሞው አብልጦ የሚሠራ መሆኑን ተናገረ፤ እንግዲህ የተጀመረው ይፈጸም ወይስ አዲሱ ይጀመር ብሎ ጠየቀ።

መንግሥት መልስ ሳይሰጥ ስምንት ዓመት ቆየ። እስቲ ከሚኒስትሮቹ በአንዱ ቦታ ሆነን እናስብ። ከ17,000 ፓውንድ በላይ ወጥቶበት ያላለቀ መኪና አለ። ሠሪው ራሱ «ይህስ አርጅቷል፥ የሚሻል አግኝቻለሁ» ይላል። ለአሮጌው ገንዘብ መጨመር ሞኝነት ይመስላል፤ ለአዲሱ ገንዘብ መስጠት ደግሞ ካለፈው አለመማር ይሆናል። በ1842 የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል መንግሥት ጉዳዩን ዘጋው። የመጀመሪያው መኪና ሳይፈጸም፥ ሁለተኛው ሳይጀመር ቀረ። ባቤጅ ከ1847 እስከ 1849 ባለው ጊዜ ደግሞ በጥቂት ክፍሎች የሚሠራ ሁለተኛ የልዩነት መኪና ነደፈ፤ እርሱም በወረቀት ላይ ቀረ። በ1871 ሲሞት አንድም ሙሉ መኪና ሠርቶ ሲጨርስ አላየም።

በሌላ አገር ግን አንድ ሰው ሳይጠብቅ ጀምሮ ነበር። በስቶክሆልም ይኖር የነበረ ጌዮርግ ሾይትዝ የሚባል የማተሚያ ቤት ባለቤት በ1834 በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ስለ ባቤጅ መኪና የተጻፈ ሐተታ አነበበ። መጽሔቱ የመኪናውን ዝርዝር ንድፍ አልያዘም፤ አሳቡን ብቻ ያስረዳል። ልጁ ኤድቫርድ ገና ወጣት ተማሪ ሳለ በቀላል መሣሪያ ሥራውን ጀመረ። አባትና ልጅ ባቤጅ የፈለገውን ያህል ጥራት አልፈለጉም፤ ባቤጅ ያሰበውን ያህል ትልቅ ቍጥርም አልተመኙም። በ1843 የመጀመሪያ ምሳሌያቸው ሠራ፤ በ1853 ሙሉው መኪና ተፈጸመ፤ በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ከዚያም በአሜሪካ አልባኒ ከተማ ላለ የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ተሸጠ። ሁለተኛው ቅጂ በ1859 ለእንግሊዝ መንግሥት ተሠርቶ፥ የሕዝቡን የዕድሜ ሠንጠረዥ ለማስላት አገለገለ። ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር ይባላል፤ ተንከባካቢ ይፈልጋል፥ አንዳንዴም ይሳሳታል። ይሁን እንጂ ሥራ ሠራ። ለባቤጅ ክብር ሲባል መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሾይትዞች መኪናቸውን ይዘው ለንደን በመጡ ጊዜ አልቀናባቸውም፥ እንዲያውም በይፋ ደግፏቸዋል።

ለብዙ ጊዜ «የዚያ ዘመን ብረት ሠራተኞች ባቤጅ የፈለገውን ያህል አጥርተው መሥራት ስለማይችሉ ነው የቀረው» እየተባለ ይነገር ነበር። የለንደን የሳይንስ ሙዚየም ግን ሁለተኛውን የልዩነት መኪና በንድፉ መሠረት፥ በዚያ ዘመን ሊገኝ በሚችለው ጥራት፥ በ1991 ሠርቶ ሲያንቀሳቅሰው በትክክል አሰላ። ማተሚያው ደግሞ በ2002 ተጨመረለት። እንግዲህ ያጠፋው ጠብ፥ የገንዘብ ማነስና የሚመጣው መኪና ተስፋ እንጂ የብረቱ ድክመት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ዘለን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1981 አዳም ኦስቦርን የሚባል ሰው ተሸካሚ ሊይዘው የሚችል ኮምፒውተር በ1,795 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዛሬ ተሸካሚ ብለን አንጠራውም፥ በዚያ ጊዜ ግን እንደ ተአምር ታይቶ በብዛት ተሸጠ። በ1983 ኩባንያው «ኤግዜኪዩቲቭ» የተባለ የተሻለ ሊያወጣ መሆኑን አስቀድሞ አስታወቀ። ነጋዴዎችና ገዢዎች ይህን ሲሰሙ አሮጌውን መግዛት አቆሙ፤ አዲሱ ደግሞ በቶሎ በብዛት አልደረሰም። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኩባንያው ከሰረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች «የከሰረው በተወዳዳሪዎቹ ርካሽነትና በራሱ የአስተዳደር ጉድለት ነው» ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ያልደረሰን ዕቃ አስቀድሞ በማውራት የደረሰውን ዕቃ መግደል በኦስቦርን ስም ይጠራል። የዛሬዎቹ ኩባንያዎችም ይህን ያውቁታል። የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ ገዢው ወደ ተወዳዳሪያቸው እንዳይሄድ ለመያዝ ነው፤ ስለዚህ የሚወራው ሁሉ ለገዢው ጥቅም ተብሎ አይደለም።

አሁን ወደ ፕሮሰሰር እንመለስ። በ1965 ጎርደን ሙር የሚባል፥ በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው መሐንዲስ፥ በአንድ ሲሊከን ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቍጥር በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ መሄዱን አስተውሎ ጻፈ። በ1975 ደግሞ አሳቡን አርሞ ከእንግዲህ በየሁለት ዓመቱ ይሆናል አለ። እንደ ተናገረውም ሆነ። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩበት። በ1978 የወጣው 8086 29,000፥ በ1985 የወጣው 386 275,000፥ በ1993 የወጣው ፔንቲየም 3.1 ሚሊዮን ነበሩበት። በ22 ዓመት ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን «ልጠብቅ» የሚል ሰው ሰነፍ ነው ሊባል አይችልም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህንንም በ1999 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የከዋክብት ተመራማሪዎች በቀልድ መልክ፥ ነገር ግን በትክክለኛ ሒሳብ አሳይተዋል። የኮምፒውተር ፍጥነት በየ18 ወሩ እጥፍ የሚሆን ከሆነ፥ አንድ ረጅም ስሌት ዛሬ መጀመር ይሻላል ወይስ ቆይቶ በአዲስ መኪና መጀመር? ለምሳሌ ያህል በዛሬው መኪና 60 ወር የሚፈጅ ስሌት ቢኖር፥ 18 ወር ተቀምጦ ከዚያ በሚገዛው መኪና በ30 ወር ያልቃል። ድምሩ 48 ወር ነው፤ የተቀመጠው ሰው ወዲያው ከጀመረው በ12 ወር ቀደመ። በዛሬው መኪና 12 ወር የሚፈጅ ከሆነ ግን የጠበቀው በ24ኛው ወር ይጨርሳል፤ ያልጠበቀው በ12ኛው ጨርሷል። ወሰኑ 26 ወር ገደማ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ያለው ይጠብቅ፥ የሚያንስ ያለው ይጀምር ማለት ነው። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ቢሞክሩት ደስ ይላቸዋል።

ጓደኞቼ ይህን ሒሳብ ለጌም ኮምፒውተር ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ። ነገር ግን አይገጥምም። ጌም እንደ ስሌት ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ የሚኖሩት ነገር ነው። ሒሳቡም የቆመው ዕጥፉ በሰዓቱ ይመጣል በሚል ተስፋ ላይ ነው። ተስፋው ደግሞ በ2004 ክፉኛ ተነቃነቀ። በዚያ ዓመት ኢንቴል በሴኮንድ 4 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ወደሚቀጥለው ዓመት አዛወረው፤ ቀጥሎም ጨርሶ ሰረዘው። የኩባንያው ዋና ሹም ክሬግ ባሬት በአንድ ትልቅ ስብሰባ መድረክ ላይ በቀልድ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ሙቀቱ በዚያው ልክ ስለ ጨመረ፥ ፋብሪካዎቹ አንዱን ፕሮሰሰር ከማፍጠን ይልቅ በአንድ ላይ ብዙ «ኮር» ወደ መደርደር ዞሩ። ያንን ፔንቲየም ሲጠብቅ የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ቢቀመጥም አያገኘውም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው» ሊል ይችላል። ያገራችን ታሪክ ግን በዚህ ጥያቄ ላይ የሚነግረን ያንሳል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም በጣም የሚያስደንቀው የተፈጸመው እዚሁ ከነቀምቴ ጋር በተያያዘ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፥ በ1870 በምፅዋ ነፃ ወጥተው፥ በስዊድን ሚስዮን የተማሩ የኦሮሞ ልጅ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ሲነሡ ቋንቋውን የሚጽፉበት የታወቀ፥ ሁሉም የተስማማበት ፊደል አልነበረም። በእጃቸው የነበረው የግዕዝ ፊደል ነው። ይህ ፊደል ለኦሮምኛ ሙሉ በሙሉ አይመችም፤ የአናባቢን መርዘምና ማጠር፥ የተነባቢን መጥበቅና መላላት ለይቶ አያሳይም፤ በኦሮምኛ ደግሞ በዚህ ልዩነት ትርጕም ይለወጣል። እርሳቸው ግን የተሻለ ፊደል እስኪገኝ አልጠበቁም። ከአስቴር ጋኖ ጋር፥ ቋንቋውን በጥልቅ ታውቅ ከነበረች እርሷም ከባርነት የዳነች ሴት ጋር፥ በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ነቀምቴ መጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ መጻሕፍቱም አብረዋቸው መጡ።

ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፥ በቁቤ፥ እንዲጻፍ የተወሰነው ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ከመጽሐፍ ቅዱሱ መታተም 92 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቁቤ ለቋንቋው የተመቸ መሆኑን የዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፥ እኔም የተማርሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን በእነዚያ 92 ዓመታት ውስጥ በወለጋ ተወልደው ያረጁትና የሞቱት ሰዎች፥ በገዛ ቋንቋቸው ያነበቡት ያንኑ «የማይመቸውን» መጽሐፍ ነበር። አያቶቻችን በየቤቱ ያስቀመጡት እርሱን ነው።

በአማርኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የፈረንጅ የጽሕፈት መኪና ግን ከመቶ የበለጠ ምልክት አይችልም። ስለዚህ ፊደላችን መጀመሪያ ይሻሻል፥ ይቀነስ፥ ከዚያ መኪና ይሠራለት የሚሉ ብዙ ሊቃውንት ነበሩ። እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉት ደግሞ ፊደሉ እንዳለ ሆኖ በመኪና እንዲጻፍ ደከሙ። በእንዲህ ዓይነት መኪና የፊደሉ አካል አንድ ጊዜ፥ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ሌላ ጊዜ ይመታል፤ ጽሕፈቱ ከብራና ጽሕፈት ጋር ሲወዳደር አያምርም። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተጻፈው በዚያው ነው፤ የፊደሉ ማሻሻያ ክርክር ግን ሳይፈጸም ኮምፒውተር መጣ። በኮምፒውተርም በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ዓለም አቀፍ ስምምነት ሳይጠብቁ ፊደላችንን በመኪናው አስገቡ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርምስ ይሆን ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የግዕዝን ፊደል በሦስተኛው እትሙ ሲቀበል ችግሩ እየቀለለ ሄደ። ያለዚያ የትርምስ ዘመን ግን የስምምነቱን ጥያቄ የሚያቀርቡ፥ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ከየት ይገኙ ነበር?

አሁን ደግሞ ለሚጠብቁት ወገኖች ልፍረድ፤ እነርሱም እውነት አላቸው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ኢንቴል ኮር አይ 7-7700ኬ የተባለውን ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር አወጣ። በዚያው ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ 8700ኬ የተባለ ባለ 6 ኮር በጥቂት ዶላር ጭማሪ ብቻ ተሸጠ። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው የተገጠመበት ማዘርቦርድ አዲሱን አልቀበልም አለ። በጥር የገዛ ሰው በጥቅምት ቢናደድ አይፈረድበትም። የሚመጣው ዕቃ ቀኑና ዋጋው ታውቆ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት መጠበቅ ብልኅነት ነው፤ አዲሱን ባይገዙ እንኳ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳልና።

ነገር ግን መጠበቅም ዋጋ አለው፤ በእኛ አገር ደግሞ ዋጋው ከሌላው ይከብዳል። ክፍሎቹ ሁሉ የሚመጡት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሰኔ 200 ዶላር የሚያወጣ ፕሮሰሰር ለመግዛት 11,400 ብር የያዘ ተማሪ «አዲሱ ትውልድ ይምጣ» ብሎ እስከ ነሐሴ ቢቆይ፥ በዚያው ገንዘብ ግማሹን ያህል ብቻ ሊገዛ ይችላል። በዓለምም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። በ2020 መጨረሻ በ699 ዶላር ይሸጣል የተባለው የኤንቪዲያ 3080 ግራፊክስ ካርድ፥ በወረርሽኙና በክሪፕቶ ቈፋሪዎች ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት በብዙ ገበያ ከእጥፍ በላይ ሲሸጥ ነበር። ካርዱ እስኪረክስ የጠበቁት እስከ 2022 ድረስ ጠበቁ።

ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ መንገድ መኖሩንም ታሪክ ያሳያል። ኤ.ኤም.ዲ. «ኤ.ኤም. 4» የተባለውን መግጠሚያ በ2017 ለራይዘን ፕሮሰሰሮቹ ተጠቀመበት፤ በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ 3ዲንም በዚያው መግጠሚያ ላይ አወጣ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ርካሹን የገዛ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ አውጥቶ፥ የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር አድሶ፥ ሌላውን ሳይነካ እጅግ ፈጣኑን ሊገጥም ቻለ። ተተኪው «ኤ.ኤም. 5» በ2022 ወጥቷል፤ ኩባንያው ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፈው አስታውቋል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለወሬ ብቻ አይደለም። በዚህ የበዓል ዓመት ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ለኮምፒውተር ክበባችን ገንዘብ አዋጥተዋል። በገንዘቡ አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር እንገጥማለን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጌም ይጫወቱበታል፥ በሌሎቹ ቀናት የሚኒ ሚዲያው ድምፅና ፊልም ይሠራበታል። አንዳንድ ወላጆች «ጌም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን እንዳጠቈሩ አይተናል። ነገር ግን ጌም በደንብ የሚያጫውት ኮምፒውተር ፊልም ለማቀናበርና ሥዕል ለመንደፍም የሚበቃ መሆኑን ቢረዱልን ደስ ይለናል። ክበቡ ግን ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን አዲሱ ትውልድ እስኪወጣ አንድ ዓመት እንጠብቅ ይላል።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። አንድ ዓመት ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ምንም አይደለም፤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ያለችው እርሷ ብቻ ናት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ከመካከላችን ማውዝ ጨብጠው የማያውቁ አሉ፤ እነርሱ የሚፈልጉት 16 ኮር ሳይሆን የሚበራ ስክሪንና የሚነኩት ኪቦርድ ነው።

ለክበቡ ያቀረብሁት ዝርዝር እነሆ። ማዘርቦርዱ ኤ.ኤም. 5 ይሁን። ፕሮሰሰሩ በዚያ መግጠሚያ ከሚሸጡት ሁሉ ርካሹ፥ ነገር ግን ሥዕል የሚያወጣ ክፍል በውስጡ ያለው ይሁን። በፓወር ሰፕላይ ላይ አንቈጥብ፤ መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚቃጠለው እርሱ ነው፥ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። ዩ.ፒ.ኤስ. ከጌሙ በፊት ይገዛ። የግራፊክስ ካርዱ ቦታ ለጊዜው ባዶውን ይቈይ፤ እስከዚያው ዓርብ ዓርብ ቀላል ቀላሎቹን ጌሞች እንጫወታለን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ ኮምፒውተሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ይሁን፤ ቁልፉም በእነርሱ አለቃ እጅ ይቀመጥ።